ብረትና ወረቀት በአንድ አዳራሽ፦ የሁለት ሰው ዐውደ ርእይ በደሴ እንዴት ይሰናዳል?

ቀራጺና ሠዓሊ ተጣምረው በአንድ አዳራሽ ሥራቸውን ሲያሳዩ፣ ጥንቃቄ ካልተደረገ ወረቀቱ በብረቱ ይዋጣል። ከባሌስትራ፣ ከሰንሰለትና ካረጀ ማረሻ የተበየደ ቅርጽ ገና ከበሩ ዓይን ይስባል፤ በወረቀት ላይ በቀለም የተሣለ የክታብ ምልክት ግን ተጠግቶ፣ ቆም ብሎ የሚያየውን ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ቦታ ሲደለደል አስቀድሞ ለሥዕሎቹ ግድግዳ መስጠት፣ ብረቱንም በተረፈው ወለል ማቆም ይበጃል።

ደሴ ላይ ክረምቱ ብቻ ሳይሆን የበልጉ ዝናብና ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉምም ወረቀት ያረጥባል፣ ብረት ያዝጋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ቅርጾቹ የተበየዱት ኮምቦልቻ ከሆነ ከመክፈቻው ሁለት ቀን ቀድመው ይምጡ፤ ሌሊቱን መኪና ላይ ያደረ ቀዝቃዛ ብረት ሰው ወደሞላበት ሙቅ አዳራሽ ሲገባ ላብ ያወጣልና። ብረቱን ጥቂት አሙቆ የንብ ሰም በጨርቅ ማሸትም ከእርጥበትና ከተመልካች እጅ ይጠብቀዋል።

ትልቁ ጣጣ ጥላ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሥዕሎቹን በውሃ ልክ ለክቼ፣ መሀላቸውን ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር አድርጌ ከሰቀልሁ በኋላ መብራቱን ሳበራው፣ የአንዱ ቅርጽ የተዘረጋ ክንድ ጥላ በአንድ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ላይ አርፎ መሀሉ ላይ ያለችውን ዓይን ሸፈናት። ሚስማሩን ነቅዬ እንደ ገና ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ ቅርጾቹን አቁሜ፣ መብራቱን አብርቼ፣ የጥላውን ጠርዝ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ካላሰመርሁ መዶሻ አላነሣም። ጥላው ሆን ተብሎ ከሥዕሉ ጎን እንዲወድቅ ከተደረገ ግን ሦስተኛ ሥራ ይሆናል፤ ለዚህም አንድ ጠንካራ መብራት ከብዙ ደካማ መብራቶች ይሻላል። ብቻ ብርሃኑ ወደ ቅርጹ ይዙር፤ ወረቀቱ ላይ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ብዙ እንዳያልፍ፣ የፀሐይ ጨረርም በቀጥታ እንዳያርፍበት መጋረጃ ይደረግ።

በመግለጫ ካርዱ ላይ የሠሪው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ ማቴሪያሉና ዓመቱ ይበቃል። የምልክቱን ፍቺ መጻፍ አልደግፍም፤ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን የክታብን ዓይንና መልክ ወደ ሸራ ሲያመጣ የፍቺ መዝገብ አላያያዘበትም።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሥራ ከፊትና ከኋላ ፎቶ ተነሥቶ፣ ልኩና ክብደቱ ተጽፎ፣ መዝገቡ ላይ ቀራጺውም ሠዓሊውም ይፈርሙ። በተለይ በአንድ እጅ የሚነሡ ትንንሽ ብረቶች እንዳይሰረቁ ከመቆሚያቸው ጋር በብሎን ይታሰሩ። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔዓለም ተሰርቆ የተመለሰው በ2001 ነው።