ሸሞንሟናዬን ለምትሰሙ፦ እኔ የተሳሳትኩትን አትሳሳቱ

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ ደረጃው፤ እቤት ስደርስ ሰው ማናገር እንኳን ያስጠላኛል። ያን ሰዓት የምከፍተው አንድ አልበም አለ፣ ዓመታት አልፈውም አልሰለቸኝም። የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፣ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተው ዋልያስ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገባና አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ደራርቦ ይህን ካሴት ሠራ። አያቶቻችን የሚያውቁት ዜማ በዘመኑ አዲስ ማሽን ማለት ነው። ታዲያ እኔ ይህን አልበም ስወድ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ። ስህተቶቼን ልዘርዝርላችሁ፣ ቢያንስ እናንተ ትድኑ።

ዘፋኙን መጠበቅ

የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነበር። እኛ የግጥም ሰዎች ነን። ሰምና ወርቁን ካላገኘን ዘፈን የሰማን አይመስለንም። መግቢያው አለቀ፣ አሁን ይዘፍናል፣ አሁን ይዘፍናል እያልኩ ስጠብቅ ቁራጩ አለቀ። አልበሙ በእንግሊዝኛ ርዕሱ ላይ «ክላሲካል» የሚል ቃል አለው፣ እና ይህን ቃል የምንረዳው እኛ ነን። እኛ ሀገር ክላሲካል ሲባል ዘፋኝ የሌለው ማለት ነው፣ ቫዮሊን የደረደረ ኦርኬስትራ አይደለም። እዚያ ውስጥ አምባሰል አለ፣ ሽለላም አለ። ሽለላ! ጎራዴ ይዞ የሚፎከርበት፣ ጉሮሮ የሚሰነጠቅበት ነገር። እሱ ግን ያለ አንድ ቃል ነው የሚሸልለው። አኮርዲዮኑ አየር ሲስብ ሸላዩ ለሚቀጥለው ስንኝ ትንፋሽ የሚሰበስብ ይመስላል። አንዴ ይህን ከሰማችሁ ቃል አትፈልጉም።

ከማስታወቂያ ሥር የሚነጠፍ ነገር ማድረግ

የክላሲካል ዕዳው ደግሞ ይሄ ነው። ሬዲዮ ላይ ሰዓት መሙያ ነው፣ ካፌ ውስጥ ከማኪያቶ ማሽኑ ጋር የሚፎካከር ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ዜማዎቹን ያውቃል፣ ማን እንደተጫወታቸው ግን አያውቅም። ቢያንስ አንዴ ሌላ ሥራ ሳትሠሩ ስሙት። ሽንኩርት መክተፍ ይፈቀዳል።

በስልክ ስፒከር መስማት

ታክሲ ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚሰማ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እሱ እኔ ነኝ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፣ በዚህ አልበም ላይ ደግሞ ግማሹ ጨዋታ ታች ነው ያለው። የአምስት መቶ ብር ኢርፎን ይበቃል።

የከበሮ ማሽኑን እንደ ጉድለት ማየት

«ደህና ከበሮ መቺ አጥቶ ነው» ይሉኛል። አንድ የሙዚቃ ተማሪ ጓደኛዬ እንዲያውም ከበሮውን አጥፍቶ እውነተኛ ድራም ልጨምርበት ብሎ ሞክሮ ነበር። ውጤቱን አልነግራችሁም፣ ጓደኝነታችን ስለሚበልጥብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ አይናወጥም፣ አይደሰትም፣ አይደክምም። እሱ ድርቅ ስላለ ነው አኮርዲዮኑ ላይ ያለው ሰው ጎልቶ የሚታየው። ትንሽ ዘግየት ሲል፣ ትንሽ ቀደም ሲል፣ አንዲቷን ኖታ ይዞ አልለቅ ሲል ይሰማችኋል። ሁለቱም ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይሰማም ባይ ነኝ። ደግሞ ብቻውን ነው የሠራው፣ ሀገሩ ሩቅ ነው፣ ባንዱ ተበትኗል። ማሽኑ ያ ብቸኝነት እንዲሰማ ያደርጋል፣ ቢያንስ ለእኔ ጆሮ።

ያደረ ካሴት በቀጥታ ማጫወት

ይሄ ነው ያቃጠለኝ። አጎቴ ዋናው ካሴት ነበረው። ቤት ሲለቅ ከአንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ጋር ሰጠኝ፣ እኔም አልጋ ሥር አስገብቼ ረሳሁት። ከዓመታት በኋላ አንድ ቅዳሜ አወጣሁት፣ ከጎረቤት ቴፕ ተዋስኩ፣ ከተትኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ሁለት ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ከዚያ ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ዝም አለ። ከፈትኩት። ቴፑ ካሴቱን በልቶታል። ክሩ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ እንደ ተጨማደደ የቡና ሻሽ ሆኗል።

ማድረግ የነበረብኝን አሁን አውቃለሁ። የቆየ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ስለዚህ ከማጫወታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አዙሩት፣ ከዚያ መልሱት። የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) እና ጎማውን ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ጥረጉ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ትደነግጣላችሁ። ካሴቱ ውስጥ ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋ ትንሽ ስፖንጅ አለች፣ እሷ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ልል የሆነውን ክር በቢክ እስክሪብቶ አጥብቁት፣ ይህን ማንም ያውቃል።

እኔ ግን እጄ ተጣደፈ። የተጨማደደውን ቆረጥኩና በኩቴክስ ለማጣበቅ ሞከርኩ። አልያዘም። ከዚያ ስኮች ፕላስተር፣ ሄዱን በማይነካው ጎን በኩል። ያዘ። ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ክር ነው የጣልኩት። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ ሁለት ሴኮንድ ያህል ሙዚቃ ነው፣ ምን አላት ብዬ ተጽናናሁ። ገልብጬ ሌላውን ጎን ሳጫውት ግን እዚያም ዘለለ! ለካ ኤ እና ቢ የሚባሉት ጎኖች አንድ ክር ላይ ጎን ለጎን ነው የተቀዱት። አንዱን ስትቆርጡ ሌላውንም ትቆርጣላችሁ። ሁለት ዘፈን አቆሰልኩ ማለት ነው፣ በአንድ መቀስ።

«ፈረንጅ ነው ያገኘው» ማለት፣ ወይም «ምስኪን ባለ ታክሲ» ማለት

ሁለቱን የደረብኳቸው አንድ ላይ ስለሚመጡ ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ገዝቶ፣ ባለቤቱን አፈላልጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በራሱ አሳታሚ በኩል እንደገና አሳተመው። ይሄ እውነት ነው፣ ምስጋናም ይገባዋል። ግን ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ የነበረው ሲሸጥና ሲገዛ ስለኖረ ነው። አጎቴም ጋር ነበረ። ያልጠፋ ነገር አልተገኘም።

ታክሲውም እንደዚሁ። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱን ኋላ ኮፈን ውስጥ ይዞ ይሄድና ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔ መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳስበው ግን ቅናት ነው የሚይዘኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ያወጣ ሰው ከንፈር አይመጠጥለትም።

«ድሮ ቀረ» እያሉ የዛሬውን ልጅ መስደብ

ይሄኛው ያናድደኛል። ይህን አልበም እየወደዱ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚሠሩ ልጆችን «ማሽን ነካኪ» የሚሉ አሉ። ሰውዬው ምን ሲነካካ ነበር ታዲያ? ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የሚባሉት ሙዚቀኞች «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው የሚሠሩትን ስሙ። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. ያወጣውን «ነጸብራቅ»ን ስሙ፣ የታችኛው ፎቅ ልጆች በቃላቸው ይዘውታል። ካልጣማችሁ አልጣማችሁም፣ ማሽኑን ግን ተዉት።

ሰው ላይ መጫን

አይሠራም። ለእጮኛዬ ሦስት ጊዜ አስገድጄ አሰምቼው ሦስቴም እንቅልፍ ወሰደው። ጎረቤቴ ጋሼ ግን ማንም ሳይጭንባቸው በግድግዳ በኩል ለመዱት። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ደረጃ ላይ ሻማ ይዘው አገኙኝና «አንቺ ልጅ፣ ያ አኮርዲዮን ዛሬ የለም እንዴ?» አሉኝ። ስልኬ ላይ ትንሽ ባትሪ ነበረች። በረንዳ ላይ ወንበር አወጣንና አንዱን ኢርፎን ለእሳቸው፣ አንዱን ለእኔ አድርገን ከፈትኩት። የስልኩ ዲጂታል ቅጂ ነው፣ ንጹሕ ነው። ያ የቆረጥኩት ቦታ ሲደርስ ግን እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። አልዘለለም። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝና «ምነው፣ እዚህ ጋ ዘለል ይል አልነበረም?» አሉ።