የሶላር ብድር ከመፈረምህ በፊት

መጀመሪያ የ12 ወር የመብራት ሂሳብህን ደምረህ የወር አማካዩን አውጣ። ሶላሩ ከዚያ ላይ ስንት እንደሚቀንስልህ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቀው፤ የብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ሶላሩ ከሚቀንስልህ ከበለጠ ልዩነቱ ከኪስህ ነው የሚወጣው።

«የመንግሥት ዋስትና አለው» ሲሉህ እንዳትሸወድ። ዋስትናው ለአበዳሪው ነው፣ ያንተ ዕዳ አይሰረዝም። ጥቅሙ ወለዱ ዝቅ፣ የመክፈያ ጊዜው ረዘም ሊል መቻሉ ነው።

ወለዱ በጣም ከረከሰ ደግሞ ጠርጥር! አንዳንዴ የአገልግሎት ክፍያው ዋናው ብድር ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፣ ስለዚህ «በካሽ ብከፍልስ ስንት ነው?» ብለህ ሁለቱን ዋጋ አስተያይ። ፓነሉ 25 ዓመት ገደማ ያገለግላል፤ ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኃይል ቤት ውስጥ ወደሚያገለግል መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) ግን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ ይቀየራል፣ ብድሩ 20 ዓመት ከሆነ ይህንንም ወጪ ከአሁኑ ያዘው። ቤቱን የመሸጥ ሐሳብ ካለህ፣ ዕዳው ለገዢው መተላለፍ ይችል እንደሆነ ውሉ ላይ ፈልግ።