ወፍራም ሰብ ቤዝ በቤት ስቱዲዮ፦ ከኖት መረጣ እስከ ሚክስ

ሰብ ቤዝ የሚባለው ከ20 እስከ 60 ሄርዝ አካባቢ ያለው፣ በጆሮ ከመሰማቱ በላይ በደረት የሚታወቀው ድምፅ ነው። ቤት ውስጥ የተሠራ ሙዚቃ ላይ አልወጣ ሲል እጅ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ኢኪው (የእያንዳንዱን ሄርዝ መጠን የሚያስተካክለው መሣሪያ) ነው። 40 ሄርዝ ላይ 6 ዲሲቤል ይጨመራል፣ ማስተሩ (የሁሉም ትራኮች የጋራ መውጫ) ቀይ ያበራል፣ ቤዙ ግን እዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው መጠን አይደለም፤ ወይ ኖቱ አልተመቸም፣ ወይ ሌላ ድምፅ ቦታውን ይዞበታል፣ ወይ ደግሞ የምትሠሩበት ክፍል ራሱ ይውጠዋል።

ከኖቱ እንጀምር። የዘፈኑ ኪይ (ዘፈኑ የተመሠረተበት ኖት) ቤዙ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ወስኗል። ኢ 41 ሄርዝ፣ ኤፍ 44፣ ጂ 49፣ ኤ 55 ላይ ነው፤ መሠረቱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሚያርፍ ዘፈን ለሰብ የተመቸ ነው። ሲ ግን ያስቸግራል። የታችኛው 33 ሄርዝ ስለሆነ ብዙ ስፒከር አያወጣውም፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ሲል 65 ይሆንና ጥልቀቱ ይሳሳል። ድምፃዊው ከተስማማ ዘፈኑን ሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ቶን) አውርዶ ወደ ኤ፣ ወይም አራት ሰሚቶን አንስቶ ወደ ኢ መውሰድ ከየትኛውም ፕለጊን የበለጠ ይረዳል። በነገራችን ላይ የኦክታቭ ቁጥር አትመኑ፦ 55 ሄርዝ የሆነው ኤ አብሌተን ላይቭ በሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ «ኤ0»፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ «ኤ2» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሲንቱም (ድምፁን የሚፈጥረው መሣሪያ) በራሱ ኦክታቭ ሊያወርድ ወይም ሊያነሳ ይችላል። የትኛው ሄርዝ ምን ያህል እንዳለ የሚያሳየውን ስፔክትረም አናላይዘር ከፍታችሁ ሄርዙን አንብቡ።

ድምፁን መሥራት

ሳይን ሞገድ (ንጹሕ፣ ባለ አንድ ሄርዝ ድምፅ) የሚያወጣ ማንኛውም ሲንት ይበቃል፤ በነፃ የሚገኘው ቫይታልም ሆነ ፕሮግራማችሁ ይዞት የመጣው። አንድ ኦሲሌተር (ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል) ብቻ ይብራ። ዩኒሰን (በትንሹ የተለያዩ ቅጂዎችን የሚደራርበው)፣ ኮረስ፣ ሪቨርብ ሁሉ ይጥፋ። ዩኒሰን ለምን እንደሚጎዳ ማየት ከፈለጋችሁ አንዱን ኦሲሌተር 50፣ ሌላውን 51 ሄርዝ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ፤ ቤዙ በየሰከንዱ አንዴ ይጠፋና ይመለሳል። ሲንቱን ሞኖ አድርጉት፣ የቮይስ ቁጥሩ 1 ይሁን። ከአንዱ ኖት ወደ ሌላው እንዲንሸራተት ካማራችሁ ሌጋቶ አብርታችሁ ግላይዱን ከ60 እስከ 80 ሚሊሰከንድ ስጡት።

ከዚያ የኦሲሌተሩን ፌዝ (ሞገዱ ከዙሩ የት ላይ እንደሚነሳ) ተመልከቱ። እያንዳንዱ ኖት ከዜሮ እንዲነሳ ሪትሪገር ይብራ፣ የራንደም ፌዝ ማስተካከያው ወደ ዜሮ ይውረድ። ይህ ከተዘነጋ ሞገዱ በየኖቱ ከሌላ ቦታ ይነሳል፤ አንዱ ኖት ወፍራም፣ ቀጣዩ ስስ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ሰው ግን ኮምፕሬሰሩን (ጎልቶ የወጣውን ድምፅ የሚቀንሰውን መሣሪያ) ሲወቅስ ይውላል።

ኢንቨሎፑ (የኖቱ አነሳስና አጠፋፍ)፦ አታክ (መነሻው) 5 ሚሊሰከንድ፣ ሰስቴይን (ኖቱ እንደተያዘ የሚቆይበት መጠን) ሙሉ፣ ሪሊስ (መጥፊያው) 60 ሚሊሰከንድ። በ50 ሄርዝ አንድ ሙሉ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሪሊሱ 2 ሚሊሰከንድ ከሆነ ሞገዱ መሀል ላይ ይቆረጥና ኖቱ ሲያልቅ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ትራኩን ወደ ኦዲዮ ቀይራችሁ ብታጎሉት ቁልቁለቱን ጨርሶ ወደ ዜሮ መመለስ የነበረበት ሞገድ እንደ ገደል ተቆርጦ ታዩታላችሁ። ሪሊሱ ደግሞ ከልክ በላይ ረዝሞ ቀጣዩ ኪክ (የትልቁ ከበሮ ምት) ላይ እንዳይደርስ።

ንጹሕ ሳይን ስልክ ላይ ከነጭራሹ አይሰማም፤ የስልክ ስፒከር 50 ሄርዝ አያወጣምና። መፍትሔው ሳቹሬሽን (ድምፁን በመጠኑ በማዛባት ማሞቅ) ነው። የ50 ሄርዝ ድምፅ ሲሞቅ 100፣ 150፣ 200 ላይ ሃርሞኒክ ያፈራል፤ ጆሮ እነዚህን ሰምቶ የሌለውን 50 እንዳለ አድርጎ ይሞላዋል። የሰቡን ትራክ ቅዱ፣ ቅጂው ላይ መጀመሪያ ሳቹሬሽን፣ ቀጥሎ ሃይፓስ ፊልተር (ከሥሩ ያለውን የሚቆርጥ) 100 ሄርዝ ላይ (በኦክታቭ 24 ዲሲቤል) አስቀምጡ። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ፦ ፊልተሩ ከቀደመ ሳይኑ አስቀድሞ ስለሚቆረጥ ሳቹሬሽኑ የሚያሞቀው ነገር አያገኝም። የሞቀውን ቅጂ ከዋናው ሥር ቀስ እያላችሁ አንሱት፤ ዜማው በስልክ መከተል ሲቻል አቁሙ። ዋናው ትራክ እንዳይነካ፣ ንጹሕ ይቆይ።

ከኪኩ ጋር ማስታረቅ

የቤት ሥራ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው። ኪክም ሰብም አንድ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ታችኛውን ማን እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሰቡ 44 ሄርዝ ላይ ከሆነ አጠር ያለ፣ ጉልበቱ ከ60 በላይ የሆነ ኪክ ምረጡ። ረጅም ኪክ ይዛችሁ በኢኪው ለማሳጠር አትልፉ፤ ሌላ ሳምፕል መፈለጉ ይቀላል። ሮላንድ በ1980 ያወጣው ቲአር 808 ዓይነት፣ ጅራቱ የሚጎተት ኪክ ከሆነ የመረጣችሁት፣ እሱ ራሱ ቤዝ ነው። ወደ ዘፈኑ ኪይ ቃኙትና ሰቡን ተዉት፤ ሁለቱን መደራረብ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ሁለቱ አብረው የሚመቱበትን ቦታ አጉሉና ሞገዶቹን ጎን ለጎን ተመልከቱ። አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ከሆነ እየተጠፋፉ ነው። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ሞገዶች በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ 6 ዲሲቤል ይጨምራሉ፤ ተቃራኒ ከሆኑ ይጠፋፋሉ። የሰቡን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ፤ ካልተስተካከለ ጥቂት ሚሊሰከንድ አንቀሳቅሱት። በ50 ሄርዝ ከሙሉ ተቃራኒ ወደ ሙሉ ስምምነት የሚያደርሰው 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ወፍራም የሚሆንበትን በጆሮ ለዩ።

ቀጥሎ ሳይድቼይን፣ ማለትም ኪኩ በመታ ቁጥር ሰቡን ዝቅ ማድረግ። ሰቡ ላይ ኮምፕሬሰር አድርጋችሁ ኪኩን እንደ መቀስቀሻ ምልክት ስጡት፦ አታክ እስከሚፈቅድላችሁ ፈጣን፣ ሪሊስ ከ80 እስከ 120 ሚሊሰከንድ፣ ቅነሳው ከ4 እስከ 6 ዲሲቤል። ሪሊሱ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ከወረደ ኮምፕሬሰሩ የኪኩን ሞገድ ዙር በዙር መከተል ይጀምርና ሰቡ ይሻክራል። ኮምፕሬሰሩ እንቢ ካላችሁ ቮልዩም አውቶሜሽን በእጅ መሳል የበለጠ ንጹሕ ውጤት ይሰጣል፤ አሰልቺ መሆኑን ግን አንክድም።

ሌሎቹን ትራኮች ከታች ማጽዳት ቀላል ነው፦ ጊታር፣ ፓድ፣ የድምፃዊው ድምፅ ላይ ከ80 እስከ 120 ሄርዝ ሃይፓስ። ሰቡ ላይ ግን 40 ላይ ስለታም ፊልተር እንዳታስቀምጡ፤ ፌዙን ያዛባል፣ የደከማችሁበትን ጥልቀትም ይበላል። የግድ ካስፈለገ 20 ሄርዝ ላይ ለስላሳ ቁርጥ ይበቃል።

ክፍሉ ሲዋሽ

ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይመላለስና መሀል ላይ ይጠፋል፣ ግድግዳው ጋ ደግሞ ያብጣል። 43 ሄርዝ ሳይን ለቃችሁ በክፍሉ ውስጥ ተራመዱ፤ በሦስት እርምጃ ውስጥ ቤዙ ሲጠፋና ሲመጣ ትሰማላችሁ። ወንበራችሁ የጠፋበት ቦታ ላይ ካለ ሰቡን ያለልክ እየጨመራችሁ ነው፤ ሌላ ቦታ ሲጫወት ያፈነዳል። ወንበሩን ከመሀል አንሱት። ባለ 5 ኢንች ስፒከርም ብዙውን ጊዜ 50 ሄርዝ አካባቢ መድከም ስለሚጀምር የሰቡን መጠን በጆሮ ማዳመጫና በአናላይዘር ፈትሹ። የምታዳምጡበትን የድምፅ መጠን አንዴ ከወሰናችሁ በኋላ አትነካኩት፤ ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ቤዝን አሳንሶ ነው የሚሰማው።

ለማነጻጸሪያ የምታውቁትን ዘፈን አስገቡ፤ ማስተር ስለተደረገ ከእናንተ ሚክስ ጋር እስኪመጣጠን ከ6 እስከ 10 ዲሲቤል አውርዱት። የሰቡ ፒክ ከማይነስ 12 እስከ ማይነስ 10 ዲሲቤል፣ ማስተሩ ማይነስ 6 አካባቢ ቢሆን ለመነሻ ጥሩ ነው። በመጨረሻ ሊሚተር (ድምፁ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚያግድ) አድርጋችሁ ስትሰሙ ቤዙ በመታ ቁጥር ድምፃዊው ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ ሊሚተሩን አትንኩ፤ ሰቡን 1 ወይም 2 ዲሲቤል ቀንሱና እንደገና አዳምጡ።