ማምረቱ የቆመ መኪና እንዴት ይታደሳል፦ አንድ ቮልስ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል

በደሴ ብዙ ግቢዎች ውስጥ ሸራ ለብሶ፣ ጎማው ተንፍሶ፣ ከሥሩ ዶሮ የሚታቀፍበት አሮጌ መኪና ይገኛል። ባለቤቱ «የአባቴ ነው» ብሎ አይሸጠውም፣ «አንድ ቀን አስነሣዋለሁ» እያለም ዓመታት ያልፋሉ። ይህ ጽሑፍ ያ ቀን ለደረሰለት ሰው የተዘጋጀ ነው። ምሳሌ የማደርገው ቮልስዋገንን፣ ማለትም እኛ ቮልስ የምንለውን ክብ መኪና ነው፤ እኔ ራሴ የደከምኩበት እሱ ስለሆነ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ለፊያትም፣ ለላዳም፣ ለላንድሮቨርም ያገለግላል።

ከሞተሩ በፊት ፋብሪካውን ይጠይቁ

አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ኮፈኑን ከፍቶ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ምን ሆነ የሚለው ነው እላለሁ። መካኒክ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ቴስታታ (የሞተር ራስ) ቀርጾ ወይም ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ላሜራ) ተጭኖ ሊያወጣ አይችልም። መለዋወጫው የሚገኘው ላሜራውን የሚጫኑት ማሽኖችና ቅርጽ ማውጫዎች አንድ ቦታ ሥራ ላይ ከቆዩ ወይም በበቂ መጠን ተመርቶ ከተከማቸ ብቻ ነው።

የቮልስን ዕጣ እንመልከት። በጀርመን የመጨረሻው ቮልስ ከኤምደን ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 1978 ነው፤ በሜክሲኮ ፑዌብላ ግን ማምረቱ እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ቀጥሎ ነበር። በጠቅላላው 21,529,464 መኪኖች ተሠርተዋል። ጀርመን ካቆመች በኋላ አንድ ሙሉ ፋብሪካ ለ25 ዓመት መሥራቱ ዛሬ ቮልስ የሚያድስ ሰው ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን)፣ የፍሬን ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ጎማ) ወይም የፒስተን ፋሻ ፍለጋ እንዳይንከራተት ያደረገ ትልቅ ውለታ ነው።

ፊያት 600 ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1955 በቶሪኖ መመረት ጀመረ፤ በጣሊያን ከቆመ በኋላ በዩጎዝላቪያ ክራጉዬቫትስ የሚገኘው የዛስታቫ ፋብሪካ እስከ 1985 ድረስ ሲሠራው ቆየ። ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 በኔቶ የአየር ጥቃት ተመታ፤ በኋላም ፊያት ራሱ ተረክቦ አዳዲስ መኪኖች መገጣጠሚያ አደረገው። ስለዚህ ባለ 600 ባለቤት «ኦሪጅናል ጣሊያን» ብሎ ብቻ ከፈለገ ግማሹን ገበያ ይዘጋል፤ የዛስታቫን ዕቃም መጠየቅ አለበት። ፊያት 124 ያለው ሰውም «ላዳ ያው እሱ ነው» ሲባል ይጠንቀቅ። ሶቪየት ኅብረት መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1966 ስምምነት ወስዳ ቶግሊያቲ ላይ ከ1970 ጀምሮ አምርታዋለች፤ ነገር ግን ላሜራውን አወፍራ፣ ሞተሩን በሌላ ዓይነት ለውጣ፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በታምቡር ተክታ ነው። በርና መስታወት ሊስማማ ይችላል፤ የሞተር ዕቃ ግን አይስማማም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በቶሪኖ የሚገኘው የፊያት ሊንጎቶ ፋብሪካ አምስት ፎቅ ነበረው፤ መኪናው ከታች እየተገጣጠመ ወደ ላይ ይወጣና በጣሪያው ላይ በተሠራው መንገድ ይፈተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ፤ በኋላ ሬንዞ ፒያኖ የተባለው አርክቴክት የገበያ፣ የሆቴልና የስብሰባ ማዕከል አድርጎ አደሰው። ጎብኚ ሲያየው ያደንቃል፣ እኔም ባየው አደንቅ ነበር። ሆኖም ለአሮጌ መኪና ባለቤት የተጠበቀ ሕንፃ ከተጠበቀ ማሽን ጋር አይተካከልም።

ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን የደሴን መንገድ እስከ አሰብ ሲዘረጉ ከፊያት ካሚዮኖቻቸው ጋር ቋንቋውንም ትተውልን ሄደዋል። እስከ ዛሬ የጀርመኑን ቮልስ የምንጠግነው በጣሊያንኛ ነው፤ ካምቢዮ (ማርሽ)፣ ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ)፣ ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ)፣ ዳዶ (የብሎን ማሠሪያ) እንላለን። ዕቃ ሲያዙ ይህን ያስቡ፤ ጋራዡ የሚጠራበት ስምና የውጭ አገር ነጋዴ የሚያውቀው ስም ስለሚለያይ ከስሙ ይልቅ በዕቃው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይላኩ።

ሊብሬውንና ቁጥሩን ያስተያዩ

አንድም ብር ከማውጣትዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። በቮልስ ላይ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በመካከል በሚያልፈው የሻንሲ አጥንት ላይ ተቀርጿል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ይገኛል። ባለፉት ዘመናት ሞተር መቀያየር የተለመደ ስለነበር ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የማይገጥም ከሆነ ጉዳዩን በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጨረስ የሚገባው መኪናው ሳይፈርስ ነው።

አፈራረስ

መኪና ማፍረስ ቀላል ይመስላል፤ አስቸጋሪነቱ የሚታወቀው ከስድስት ወር በኋላ ሲገጠም ነው። እኔ መጀመሪያ ሁሉንም ብሎን በአንድ የዘይት ጣሳ ውስጥ ጨምሬ ነበር። አንድ አዛውንት መካኒክ ጣሳውን አይተው ሳቁና፣ «አብሽር ልጄ፣ ብሎን አይጠፋም፤ የሚጠፋው ቦታው ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ክፍል ብሎንና ዳዶ በየፌስታሉ አስሬ፣ ስሙን በወረቀት ጽፌ፣ ከመፍታቴ በፊትም በስልክ ፎቶ እያነሣሁ ቀጠልኩ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። አሮጌ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ የተቀደደ ጎሚኒ፣ የዛገ ቱቦ እንኳ አዲሱ ተገዝቶ እስኪመሳከር ድረስ አይጣል።

የዛገ ብሎን በኃይል አይፈታም። ዝገት ማላቀቂያ ወይም ናፍጣ ተደርጎበት ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

ላሜራ፦ ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ

ሞተር ተበላሸ ቢባል መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የበሰበሰ ላሜራ ግን የእድሳቱን ወጪ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ጉምና ዝናብ የማይለያት ከተማ ስለሆነች በውጭ የቆመ መኪና ከታች ይበላል። ቮልስ ላይ መጀመሪያ የሚመለከቱት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከኋላ መቀመጫ ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ነው፤ የባትሪ አሲድ ለዓመታት ሲንጠባጠብበት እንደ ወንፊት ይሆናል። ሁለተኛው በበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያደርሰው ባዶ ሣጥን ነው፤ እሱ ከበሰበሰ ቦዲው ራሱ ከሻንሲው ጋር ያለው መያያዣ ይላላል፣ በሩም ሲዘጋ አልገጥም ይላል።

ውጭውን ለመመርመር ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በቦዲው ላይ ያዙሩ። ላሜራ ባለበት ይጣበቃል፤ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ) በወፈረበት ቦታ ግን ይንሸራተታል። የእኔን መኪና በማግኔት ስፈትሽ የግራው ፓራፋንጎ ግማሹ ስቱኮ ሆኖ አገኘሁት፤ ከላይ ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

የበሰበሰው ወለል በላዩ ላይ ሌላ ላሜራ እየተለጠፈ አይበየድ። ቆሻሻው ተቆርጦ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይወጣ፤ አዲሱ ላሜራም ጠርዝ ለጠርዝ ይግጠም። ብየዳው ከማለቁ በፊት ቦዲው ከሻንሲው ላይ አይነሣ፤ ከተነሣ ይጣመማል፤ ከተጣመመ ደግሞ በሮቹ ዳግመኛ ቀጥ ብለው አይዘጉም። በሮቹ ተገጥመው እየተዘጉ እየተከፈቱ ይበየድ።

ሞተሩና የደሴ አየር

የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ማራገቢያው በሚነፍሰው አየር ነው። ስለዚህ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የላሜራ ሽፋኖች ጌጥ አይደሉም። ብዙ ጋራዥ «ሥራ ያስቸግራሉ» ብሎ አውልቆ ይጥላቸዋል፤ ከዚያ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይገባና ሞተሩ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሐረጎ ዳገት ላይ ይጋላል። ሽፋኖቹና በዙሪያቸው ያለው ጎማ አንድም ሳይቀር ይመለስ። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ ከተበጠሰም «ኮምቦልቻ እስክደርስ» ማለት የለም፤ እዚያው ቆሞ መለወጥ ብቻ ነው። አንድ ትርፍ ቀበቶ ሁልጊዜ በመኪናው ውስጥ ይኑር።

ሞተሩ ይፈታ ወይስ አይፈታ የሚለውን ለመወሰን ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከታች ያለውን ትልቁን ፑሌጃ (ቀበቶው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ይያዙና ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ይግፉ። ጤነኛ ሞተር ላይ እንቅስቃሴው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ እጅ አይሰማውም። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማረፊያ) የተቀመጠበት አካል ተበልቷል፤ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) በመጥረግም ሆነ ካንዴላ በመለወጥ አይድንም፤ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) መሄድ አለበት።

ከአራቱ ሲሊንደሮች ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ አየሩን ስለሚሻማው ነው። የቫልቭ ክፍተት ሲስተካከል እሱን ከሁሉ በላይ ይጠንቀቁለት። ሥራው የሚከናወነው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት ሳይነሣ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን አውጥተው ይመልከቱት፤ ጫፉ ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፣ አነስ ያለ ቀዳዳ ያለው ጂግለር (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቁራጭ) ይፈልጋል፤ ቡና በወተት የመሰለ ከሆነ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚኑ አንሷል፤ በዚያ ሁኔታ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ቆላ መውረድ ሞተርን መግደል ነው። በደሴ ልክ የተስተካከለ መኪና በቆላ ቤንዚን ስለሚያንሰው ሁለቱንም ጂግለር ይዞ መጓዝ ይበጃል።

የቤንዚን ጎማውን አይርሱ። ለቮልስ መቃጠል ዋናው ምክንያት ያረጀና የተሰነጣጠቀ የቤንዚን ጎማ ከሞተሩ በላይ ማፍሰሱ ነው፤ ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ ሁሉም በአዲስ ይለወጥ።

ፍሬን

ስለ ፍሬን መደራደር አይቻልም። ለዓመታት የቆመ መኪና የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ሲግል ያ ውኃ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። ስለዚህ ጎማ ቱቦዎቹ፣ የአራቱም ጎማ ሲሊንደር ጎሚኒዎችና የዋናው ፖምፓ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) ጎሚኒ ይለወጡ፤ የዛጉ የብረት ቱቦዎችም አብረው ይቀየሩ። የቆዩት ቮልሶች ፍሬን በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከፍሬን መስመሩ ውስጥ አየር ሲወጣ ከፖምፓው የራቀው ጎማ ይቀድማል፤ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ ግራ ፊት።

ኤሌክትሪክና ቀለም

ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩት ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው። ባለ 12 ባትሪ ተጭኖባቸው ከሆነ ዲናሞው፣ ሞተሪኖውና አምፖሎቹ አብረው መለወጣቸው ይጣራ። ገመዶቹ ሽፋናቸው ሲታጠፍ የሚፈረፈር ከሆነ በቴፕ መጠቅለል አያዋጣም፤ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይዘርጉ።

ቀለም በክረምት አይቀባ። ይህን የማውቀው በራሴ ስህተት ነው፤ ቸኩዬ በነሐሴ ደሴ ላይ ስቱኮና አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) አስቀባሁ፣ እርጥበቱ ከሥር ተቀብሮ ቀረ፣ በጥቅምት ፀሐይ ሲወጣበት ኮፈኑ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ሁሉም ተልጦ በታኅሣሥ ኮምቦልቻ ላይ እንደገና ተሠራ። ሁለት ጊዜ ከመክፈል ሦስት ወር መታገሥ ይረክሳል። ቀለሙን ለመለወጥ ካሰቡም በሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም መስተካከል እንዳለበት አይዘንጉ።

የመጀመሪያው ጉዞ

አዲስ የተሠራን ፍሬን ሐረጎ ላይ መሞከር ድፍረት ሳይሆን ስንፍና ነው። መጀመሪያ ከደሴ ወደ ሐይቅ ያለውን መንገድ ይሂዱ፤ ፍሬኑን ደጋግመው ይያዙ፣ ሲመለሱም ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ይዳስሱ። አንደኛው ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ይህ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን ፍሬን አድርገው ወደ ኮምቦልቻ ይውረዱ።

በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትሮች ውስጥ ሞተሩን ሳያጣድፉ ይንዱ፤ ከዚያ ዘይቱን ገና ሙቅ ሳለ ያውጡት። የቮልስ ሞተር ተለዋጭ የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ከሥሩ በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች የተያዘ የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊቱን አውጥተው በቤንዚን ይጠቡ፤ በውስጡ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩን በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱ፤ ካለ መኪናው ሳይነዳ ወደ መካኒኩ ይመለስ። ንጹሕ ከሆነ በአዲስ ጓርኒሲዮን ይግጠሙት፣ 2.5 ሊትር ዘይትም ይሙሉ። ዳዶዎቹ የተያዙበት አካል ለስላሳ የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ በባለ 10 ቁልፍ በጣት ኃይል ብቻ ይጥበቁ።