ምላጩን እያባበልን መላጫውን የምንገድልባቸው ስህተቶች

በሁለቱም ጎን ስለት ያለውን ምላጭ የሚይዘው የብረት መላጫ ጅማ ውስጥ ገና ብዙ ቤት አለ፣ ከአባት የተወረሰ፣ ዘመድ ከውጭ ያመጣው፣ ወይ ሄርማታ መርካቶ ከሱቅ የተገዛ። እና ብዙ ሰው ጋር የማየው ነገር አንድ ነው፣ ምላጩን ደንዝዞም አይጥለውም፣ ያብሰዋል ይስለዋል በሶፍት ይጠቀልለዋል፣ መላጫውን ግን ዞር ብሎም አያየው። መሆን ያለበት የዚ ተቃራኒ ነው። ምላጭ እንዲጣል ተብሎ የተሰራ እቃ ነው፣ ኪንግ ካምፕ ጂሌት በ1903 እ.ኤ.አ መሸጥ ሲጀምር ሀሳቡ ይሄው ነበር፣ እጀታው ይቆያል ስለቱ ይቀየራል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ የተሰራ ጥሩ መላጫ ዛሬ ከሱቅ የምትገዙትን ምላጭ ተቀብሎ ይሰራል። እንደዛ የሚቆይ ነገር በሁለት በሶስት አመት ሲበላሽ ሳይ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አጠባባችን ነው።

ሳይፈቱ ማለቅለቅ

ጎረቤታችን ያሉ አንድ ጋሼ መላጫቸው መቧጨር ጀመረ ብለው እንዳየው ሰጡኝ። "ጋሼ ይሄን መቼ ነው ፈተው ያጠቡት?" ስላቸው "ምላጭ በቀየርኩ ቁጥር ይፈታል እኮ ልጄ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው ይፈታል፣ ግን ምላጩ ወጥቶ ሌላው ይገባል እንጂ መሀሉን ማንም አያጥበውም። የላይኛዋን ቆብ ገልብጬ ሳያት ምላጩ የሚሰካባቸው ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ስር ግራጫ ነገር ደርቆ ተጋግሯል፣ አጫጭር ነጭ የፂም ፀጉር ውስጡ ተለጥፏል፣ በግራ በኩል ደግሞ ከቀኙ ወፈር ይላል። መቧጨሩ የመጣው ከዚ ነው። ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ከስሩ ትንሽ ቆሻሻ ካለ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፣ አንዱ ስለት ወጣ ብሎ ሌላው ገባ ይላል፣ ከዛ አንዱ ጎን ይቆርጣችኋል ሌላው ደግሞ አይላጭም፣ እናንተ ምላጩን ትረግማላችሁ።

ግራጫው ነገር ሳሙና ከውሃው ካልሲየም ጋር ተዋህዶ የሚሰራው ንጣፍ ነው፣ ከቆዳና ከፀጉር ጋር ተቀላቅሎ። ቤታችሁ ያለው ውሃ እንደዚ ያደርግ እንደሆነ ለማወቅ የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩት፣ ነጭ ነገር ከያዘ መላጫውም ላይ እየያዘ ነው። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ በተለይ እዩት።

ማጠቡ ቀላል ነው። ምላጩን አውጥታችሁ ቆቡን፣ ከስር ያለችውን ሳህን እና እጀታውን ለየብቻ አድርጉ፣ እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት ሶስት ጠብታ ላርጎ ጨምራችሁ 10 ወይ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ከዛ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። የቪቱን ጥርስና ቪቱ የሚገባበትን ቀዳዳ አትርሱ፣ ብዙ ቆሻሻ የሚደበቀው እዛ ነው። አዲስ ምላጭ በምታስገቡ ቁጥር ይሄን ብታደርጉ ይበቃል።

በረኪና፣ አቼቶ፣ ሽቦ፣ አመድ

ድስት የሚያነጣ ሁሉ መላጫ ያነጣል ብለን እናስባለን፣ ትልቁ ጥፋት እዚ ጋር ነው። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ መላጫ ብዙው ከዚንክ ቅይጥ ተቀልጦ የተሰራ ሆኖ ላዩ ላይ ስስ ክሮም የተቀባ ነው፣ የሚያብለጨልጨው ክሮሙ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። በሽቦ ወይ በአመድ ስትፈትጉት ክሮሙን ትጭራላችሁ፣ በረኪና ደግሞ በጭረቱ ገብቶ ከስር ያለውን ዚንክ ይበላዋል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ክሮሙ እየጎረበጠ ያብጣል፣ ሲፈነዳ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ይወጣዋል፣ እዛ ከደረሰ የሚመልሰው የለም።

የናንተ ከምን እንደተሰራ ለማወቅ ቅቡ የተላጠበትን ቦታ ፈልጉ፣ ቢጫ ከታየ ናስ ነው፣ ጠንካራ ነው ደስ ይበላችሁ፣ ድብዝዝ ያለ ግራጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዚንክ ነው ተጠንቀቁለት።

አቼቶ ሙሉ በሙሉ ክልክል ነው አልልም፣ ነጭ ድንጋይ መሳይ ነገር ይዞ በላርጎ አልለቅ ካለ እኩል ውሃ ቀላቅላችሁ አምስት ደቂቃ ብቻ ነክራችሁ ወዲያው በደንብ ማለቅለቅ ይቻላል፣ ግን ቅቡ ያልተላጠ መሆን አለበት። አልሙኒየም ከሆነ ወይ ቅቡ ከተነሳ አትሞክሩት። ሌሊቱን ነክሮ ማሳደር የሚባለው ነገርማ ይቅር። እና እባካችሁ በረኪናን ከአቼቶ ወይ ከሎሚ ጋር አንድ ላይ እንዳታደርጉ፣ የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፣ በር የተዘጋ ባኞ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል።

መቀቀል

ጀርም ይሙት ብሎ የፈላ ውሃ ውስጥ የሚከት አለ። ናስ ወይ ሙሉ እስቲንለስ ከሆነ ይችለዋል፣ ዚንክ ከሆነ ግን ብረቱና ክሮሙ በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ ቅቡ ይሰነጠቃል፣ ፕላስቲክ እጀታ ያለው ደግሞ ይጣመማል። ጀርሙ ካሳሰባችሁ ካጠባችሁ በኋላ ከፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል ገዝታችሁ ብትረጩበትና በራሱ እስኪደርቅ ብትተዉት ይሻላል። ጠንከር ያለው 95ቱ አይሻልም ወይ ለምትሉ፣ አይሻልም፣ ቶሎ ይተናል፣ 70ው ውስጥ ያለው ውሃ ስራውን ያግዘዋል።

ስለቱን መጥረግና ብርጭቆ ላይ መሳል

ምላጩን አውጥቶ በፎጣ ጥርግ ማድረግ ንፅህና ይመስላል፣ ግን ስለቱ ላይ ለአይን የማይታይ ቅብ አለ፣ ቆዳ ላይ እንዲንሸራተት የሚያደርገው እሱ ነው፣ ፎጣው ያንን ይገፈዋል። ብርጭቆ ውስጥ እያሹ መሳል ድሮ ቅብ ለሌለው ምላጭ ይሰራ ይሆናል፣ ለዛሬው አይሆንም። ብዙ ሰው አንድ ምላጭ ከ3 እስከ 7 ጊዜ ነው የሚጠቀምበት፣ ፂሙ ጠንካራ የሆነ ያንሳል። መሳብ ከጀመረ በቃ ጣሉት፣ ዋጋው እኮ ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል፣ የተበላሸ ቆዳ ግን በሱ ዋጋ አይድንም።

እርጥቡን መክተት

ይሄ ለኛ ለጅማ ሰዎች ለብቻው መነሳት አለበት። እዚ በአመት ወደ 1500 ሚሊሜትር ዝናብ ነው የሚጥለው፣ ሐምሌና ነሐሴ የታጠበ ካልሲ እንኳን በቀኑ አይደርቅም፣ እና እርጥብ መላጫ ቦርሳ ውስጥ ወይ መሳቢያ ውስጥ ዘግታችሁ ስታስቀምጡት በምን ይድረቅ? እስቲንለስ ምላጭም ቢሆን ውሃ ተይዞበት ከቆየ ጠርዙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ስትጨርሱ በንፁህ ውሃ አለቅልቁ፣ ቪቱን ግማሽ ዙር ላላ አድርጋችሁ በደንብ አራግፉት፣ ፎጣ ላይ ጫን ጫን አድርጉት እንጂ አትጥረጉት፣ ከዛ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ቆሞ ይደር። ሻወር ቤቱ መስኮት ከሌለው መኝታ ቤት ውሰዱት። ላቫንዲኖው ጠርዝ ላይ ቋ ቋ እያደረጉ መምታት ግን ተዉት፣ የሳህኗ ጠርዝ ትንሽ ከታጠፈ ምላጩ ከዛ በኋላ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም።

ቪቱን አጥብቆ ማሰርም እንደዚሁ ነው፣ ጣት በሚችለው ልክ ይበቃል፣ በፒንሳ የሚያስሩ አይቻለሁ የዚንክ ጥርስ ይበጠሳል። ታቹ ሲዞር ከላይ እንደ በር የሚከፈተው አይነት ከሆነ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጣሉበት። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ሙጫ ሆኖ ይይዘዋል።

ለሁለት መላጨት

ፀጉር ቤት ስንገባ አዲስ ምላጭ ካልተቀየረልን እንቆጣለን፣ ትክክል ነን፣ ቤት ስንገባ ግን ከወንድማችን ጋር በአንድ ምላጭ እንላጫለን፣ ወንድሜ አይደል እንዴ ብለን። የጉበት ቫይረስ የሚባለው ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል፣ የደም ጠብታው ለአይን ባይታይም፣ ሰውየው ደግሞ መያዙን ላያውቅ ይችላል። አልኮል ጠረግ አድርጌበታለሁ ማለት ለዚ አይሰራም። እጀታው በደንብ ታጥቦ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ ምላጩ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ያለቀውን ምላጭ ደግሞ በወረቀት ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ መጣል የሰው እጅ ማስቆረጥ ነው፣ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች ብዙዎቹ በባዶ እጃቸው ነው የሚሰሩት። ባዶ የሳልሳ ጣሳ እጠቡና ክዳኑን መልሳችሁ በፕላስተር ዙሩበት፣ ላዩን በቢላ ምላጭ የሚያሳልፍ ቀጭን ቀዳዳ ብሱት፣ እየጨረሳችሁ ወደዛ ክተቱ። ለአመታት ይበቃችኋል፣ ሲሞላ ቀዳዳውን በፕላስተር ዝጉና ለሚያነሱት ልጆች ውስጡ ምላጭ መሆኑን በአፋችሁ ንገሯቸው።