ልጅን ከጣሳ ወተት ወደ ላም ወተት እንዴት ማሸጋገር ይቻላል?

ለዚህ ሥራ የሚዘጋጅ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቀው፣ ልጁ የላም ወተቱን እምቢ ቢልስ የሚለው ሐሳብ ነው። እኔም የተጨነቅሁት በዚሁ ነበር። ልጄን የጎዳት ግን እምቢታዋ ሳይሆን ወተቱን ከልክ በላይ መውደዷ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ መጠን የተናገርኩትን ከሌላው ሁሉ ይልቅ ረጋ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ልጁ 12 ወር መሙላቱን ያረጋግጡ። ከዚያ በፊት የላም ወተት ዋና መጠጡ እንዲሆን አይመከርም፤ ወተቱ ያለው የብረት ማዕድን እጅግ ጥቂት ሲሆን ፕሮቲኑና ማዕድናቱ ደግሞ ለሕፃን ኩላሊት ይከብዳሉ፣ በአንዳንድ ሕፃናትም አንጀት ላይ በዓይን የማይታይ መድማት ያስከትላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ወይም በአለርጂ ምክንያት ልዩ ፎርሙላ (የጣሳ ወተት) ሲወስድ የቆየ ልጅ ያለዎት ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ አይጀምሩ። ጡት የሚጠባ ልጅም መጥባቱን ይቀጥል።

ወተቱ ሙሉ ቅባት ያለው ይሁን፤ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቅባቱ ያስፈልገዋል። ፓስቸራይዝድ የሆነው (ጀርሞቹ እንዲሞቱ በፋብሪካ የሞቀው) የፌስታል ወተትም ሆነ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው የካርቶን ወተት ለዚህ ይበቃል። ከ1 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ተብሎ በጣሳ የሚሸጠውን የዕድገት ወተት በተመለከተ፣ ጤነኛ ሆኖ ምግብ የሚበላ ልጅ አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ገንዘብ እንቁላልና ሥጋ ቢገዛለት ይሻላል። ከሰፈር የሚመጣ ጥሬ ወተት ከሆነ ግን ብሩሴሎሲስን (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) እና የከብት ቲቢን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ የላሟን ባለቤት የቱንም ያህል ቢያምኑ ሳያፈሉ አይስጡ። እንዳይገነፍል እያማሰሉ በደንብ ያፍሉት፤ ሲበርድ ከላይ የሚጋግረውን ስልባቦትም ቅባቱ ያለው እዚያ ስለሆነ አውጥተው ከመጣል ይልቅ መልሰው ይምቱት።

አሁን ወደ መቀላቀሉ እንሂድ። አብዛኛው ፎርሙላ ራሱ ከላም ወተት የሚሠራ በመሆኑ ሲጠጣው ለቆየ ልጅ ወተቱ ፍጹም እንግዳ አይደለም። የሚለየው ጣዕሙ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ፎርሙላ ውስጥ 7 ግራም ገደማ ስኳር ሲኖር በላም ወተት ውስጥ ያለው ግን 5 ግራም አይሞላም፤ ልጁም ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ 200 ሚሊ ሊትር የሚጠጣ ከሆነ ለ3 ወይም ለ4 ቀን 150 ፎርሙላ ላይ 50 ወተት ይጨምሩ፤ ከዚያ እኩል በእኩል ያድርጉት፤ ቀጥሎ 50 ፎርሙላ በ150 ወተት፣ በመጨረሻም ወተቱን ብቻ ይስጡት። ዱቄቱን አስቀድመው በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ በውሃ ይበጥብጡ፤ ዱቄቱን በቀጥታ ወተት ውስጥ መጨመር ለልጁ ሆድና ኩላሊት የሚከብድ ወፍራም መጠጥ ያደርገዋል። ሽፍታ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የትንፋሽ ማፏጨት ወይም በሰገራ ውስጥ ደም ካዩ ያቁሙና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

እኔ ይህን ሁሉ አላደረግሁም። የጣሳው ወተት ያለቀ ዕለት በአንድ ጊዜ ቀየርኩት፤ ልጄ ጡጦውን ስትገፋው ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨመርኩበት። ጨርሳ ጠጣችው፤ እኔም ደስ አለኝ። በ2 ሳምንት ውስጥ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ከ1 ሊትር በላይ ትጠጣ ጀመር። ፍትፍቱን በምላሷ እየገፋች ስታወጣው ጥርስ እያበቀለች ነው አልኩ፤ ወተት የጠጣ ልጅ አይራብም ብዬም ራሴን አጽናናሁ። ክብደቷ ስላልቀነሰ ማንም አልጠረጠረም። በ16 ወሯ ለጉንፋን ይዣት ስሄድ ሐኪሙ የታችኛውን የዐይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጎ አየና ወደ እኔ ዞሮ በቀን ስንት ጡጦ እንደምትጠጣ ጠየቀኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ነጥቶ ነበር። የደም ምርመራው የብረት እጥረት የደም ማነስ እንዳለባት አረጋገጠ፤ ለወራት የብረት ሽሮፕ ወሰደች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፎርሙላው ውስጥ ብረት ተጨምሮበት ስለነበር ልጁ እስከዚያ ድረስ ብረቱን የሚያገኘው ከጡጦው ነበር። ወተቱ ሲቀየር ያ ምንጭ ይቋረጣል። የላም ወተት ብረት የለውም ሊባል የሚችል ከመሆኑም በላይ ካልሲየሙ ከምግብ የሚገኘውን ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ ሆድ ሞልቶም የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ስለዚህ በሽግግሩ የሚቀየረው ወተቱ ብቻ ሳይሆን የቀኑ አመጋገብ በሙሉ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወተት በምግብ ይደገፍ እንደነበር ሁሉ ከ1 ዓመት በኋላ ምግቡ ዋና፣ ወተቱ ደጋፊ ይሆናል።

እኔ ያገኘሁት ቀላሉ መለኪያ የግማሽ ሊትር ፌስታል ነው። ጠዋት አንዱን ፌስታል ከፍቼ በንጹሕ ማሰሮ አፈላውና ፍሪጅ አስቀምጠዋለሁ፤ የዕለቱ ወተት ያ ብቻ ነው፤ ገንፎዋ የሚገባውም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ሲያልቅ ውሃ ትጠጣለች። ብዙ ሐኪሞች እስከ 700 ሚሊ ሊትር ድረስ ይፈቅዳሉ፤ ግማሽ ሊትር ግን ለአጥንቷ በቂ ነው፣ ለምግቧም ቦታ ይተዋል። ቤት ውስጥ ሞግዚት ወይም አያት ካሉ ይህ ዘዴ የበለጠ ይጠቅማል፤ ማን ስንት እንደሰጠ መጠየቅ ሳያስፈልግ ማሰሮውን ማየት ብቻ ይበቃልና። ወተቱን ከምግብ በፊት ሳይሆን ከምግብ በኋላ ይስጡ።

በምግቡ በኩል ደቆ የተፈጨ ሥጋ፣ አልፎ አልፎ ጥቂት በደንብ የበሰለ ጉበት፣ የምስር ወጥና እንቁላል ያቅርቡ፤ ብርቱካን ወይም ቲማቲም አብሮ ሲቀርብ የእህልና የጥራጥሬውን ብረት ሰውነት በተሻለ ይቀበለዋል። በዐቢይ ጾም ቤቱ ሁሉ ሲጾም ለልጁ ብቻ እንቁላል መቀቀል ይረሳል፤ ሕፃን ግን አይጾምምና የእርሱ ድስት ለብቻው ይጣድ። ሻይ የብረትን መመጠጥ ስለሚያውክ ወተቱን በሻይ ማቅላት ይቅር። ስኳርም እንዲሁ ይቅር፤ የእኔ ልጅ ከፎርሙላው በአንድ ቀን ብትለይም ስኳሩን ለመተው ግን ብዙ ጊዜ ወስዶባታል።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጡጦው ነው። ልጅ በኩባያ ሲጠጣ ሲበቃው ይተዋል፤ በጡጦ ግን ጨርሶ እስኪተኛ ይጠባል፤ ወተቱም አፉ ውስጥ አድሮ ጥርሱን ያበላሻል። የቀኑን ጡጦ በኩባያ መተካት አይከብድም። የመኝታውን ግን በአንድ ሌሊት አልቀማኋትም፤ አስቀድሜ ወተቱን ወደ እራት ሰዓት አመጣሁትና ጥርሷን ካጠብኩ በኋላ ጡጦው ውስጥ ውሃ ብቻ አደርግ ጀመር። ሁለት ሌሊት አልቅሳለች። በሦስተኛው ጡጦውን ቀምሳ መለሰችልኝ፤ ጠዋት ስትነሳም በረሃብ ስለነበረች የቀረበላትን ገንፎ እስከ ሳህኑ ታች በላች።