አሮጌ መኪናችሁን ዩሌዝ «አታልፍም» ሲላት

ለንደን ወይም ዳር ዳሩን እየኖራችሁ አሮጌ መኪና የምትነዱ ሰዎች ዩሌዝን ታውቁታላችሁ፤ ጭሷ መስፈርቱን የማታሟላ መኪና ለንደን ውስጥ በተነዳች ቀን ሁሉ የምትከፍልበት ዞን ነው። የታርጋ ቁጥራችሁን የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት (ቲኤፍኤል) ድረ ገጽ ላይ ታስገባላችሁ። «በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ክፈል» ይላችኋል። መኪናዋ ግን አታጨስ፣ አታስነጥስ፣ ደህና ናት። ከነሐሴ 2023 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ጀምሮ ዞኑ መላውን ለንደን ስለሚሸፍን፣ እንግዳ ለመቀበል ሂትሮው ብቅ ማለትም ያስከፍላል።

በርካሽ ሸጣችሁ ከመገላገላችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። መንገድ ላይ ያለው የዩሌዝ ካሜራ ማርሚታችሁን አያሸትም። ታርጋ ያነባል፣ መዝገብ ያያል፣ መዝገቡ ያለውን ያምናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጠቡ ከመኪናዋ ጋር ሳይሆን ከወረቀቷ ጋር ነው።

መስፈርቱ ይሄ ነው፤ ቤንዚን ከሆነች ዩሮ 4፣ ናፍጣ ከሆነች ዩሮ 6። ዩሮ የሚባለው የአውሮፓ የመኪና ጭስ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይጠብቃል። ዩሮ 4 ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ የሆነው በ2006 መጀመሪያ፣ ዩሮ 6 ደግሞ በመስከረም 2015 ነው። በሁለቱም ዋናው ቁጥር 0.08 ነው። መኪናዋ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ0.08 ግራም በላይ ኖክስ፣ ማለትም ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ መልቀቅ የለባትም።

ቤንዚን ናት፣ ከ2006 በፊት ተመዝግባለች፣ «አታልፍም» ተባለች

ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሰበቡ፦ መዝገቡ ውስጥ የልቀት ቁጥሯ ከሌለ፣ የምትመዘነው በተመዘገበችበት ዓመት ነው። ከ2006 በፊት ከሆነች ዩሮ 3 ናት ተብላ ትወድቃለች። የዩሮ 3 ጣሪያ ለቤንዚን 0.15 ነበር። ጣሪያው 0.15 ነው ማለት ግን ሁሉም መኪና ጣሪያውን ይነካል ማለት አይደለም። ከ0.08 በታች የሚለቁ የ2001 እና የ2003 መኪኖች ሞልተዋል።

መፍትሄው፦ ሎግ ቡኩን አውጡ፤ የእኛ አገር ሊብሬ ማለት ነው። ልቀት የተዘረዘረበት ክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛው ቪ ፊደልና 3 ቁጥር ያለበትን መስመር ፈልጉ። ቪ.3 ኖክስ ነው። 0.08 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማስረጃው እጃችሁ ላይ ነው። ጥርት ያለ ኮፒ አንስታችሁ በድረ ገጹ በኩል ለቲኤፍኤል ላኩና መዝገቡ እንዲታረም ጠይቁ።

የኔዋ የ2003 ቤንዚን ነበረች። ጋራዡ «ጊዜዋ አልፏል፣ ለቁራጭ ብረት ስጣት» አለኝ። ሎግ ቡኩ ላይ ቪ.3 ስፈልግ 0.04 ይላል! ለስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሁለት ነገር ሰው ያሳስታል። አንደኛው መስመሩ ነው። ቪ.1 ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቪ.4 የሁለት ጋዝ ድምር፣ ቪ.7 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቪ.7ን አንብቦ «165 ይላል፣ አለቀልኝ» ብሎ የደወለልኝ ሰው አለ። ሁለተኛው መስፈሪያው ነው። አንዳንድ ወረቀት በሚሊግራም ይጽፋል። 80 ሚሊግራም ማለት 0.08 ግራም ነው፤ 62 የሚል ካያችሁ አልፋችኋል።

መልስ እስኪመጣ ከነዳችሁ ግን የየቀኑን ክፍሉ። «ማስረጃ ልኬያለሁ» ማለት ቅጣት አያስቀርም።

ቪ.3 ባዶ ነው

ሰበቡ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ በጊዜው ቁጥሩ አልተሞላም፣ ወይ መኪናዋ ለጃፓን ገበያ ተሠርታ በኋላ የገባች ናት።

ለመጀመሪያው፣ የአምራቹ የእንግሊዝ ቢሮ ዘንድ ሰርተፊኬት ኦፍ ኮንፎርሚቲ (መኪናዋ በየትኛው መስፈርት እንደተሠራች አምራቹ የሚመሰክርበት ወረቀት) ወይም ደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የመኪናዋ የሻንሲ ቁጥር ከነኖክስ ልኳ ወይም ከነዩሮ ደረጃዋ መኖር አለበት። «ይህ ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ ዩሮ 4 ነው» የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም። ስለዚች መኪና መሆን አለበት።

የጃፓኗ ነገር አድካሚ ነው። ለአውሮፓ ስላልተሠራች፣ የእንግሊዙ ቢሮ «የኛ አይደለችም» ሊላችሁ ይችላል። እንደዚህ ያለች መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ደብዳቤውን ሻጩ ያምጣ፤ ከዚያ ስለ ዋጋ ታወራላችሁ።

«ኤምኦቲ አልፋለች እኮ!»

ኤምኦቲ የሚባለው ዓመታዊው ምርመራ ቤንዚን መኪና ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮካርቦን፣ ናፍጣ ላይ ደግሞ የጭሱን ጥቁረት ያያል። ኖክስን አይለካም። ስለዚህ የኤምኦቲ ወረቀት ለቲኤፍኤል ምንም አይነግረውም። የመንገድ ታክሷ ርካሽ መሆኑም እንደዚያው ነው፤ ከመጋቢት 2001 እስከ መጋቢት 2017 በተመዘገቡ መኪኖች ላይ ታክሱ የሚሰላው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ናፍጣ መኪኖች ለዓመታት በዚህ ስም ርካሽ ታክስ ሲከፍሉ ኖረው፣ ዩሌዝ ሲመጣ ወደቁ። የናፍጣ ጭስ ማጣሪያ ማስገባትም አይጠቅምም። ማጣሪያው ጥቀርሻ ይይዛል፣ ኖክስን ግን ያሳልፋል።

ናፍጣ ናት፣ ከ2015 በፊት

አጭር ነው። የዩሮ 5 ናፍጣ ጣሪያ 0.18 ነበር። ወረቀት አያድናትም። ከግዴታው ቀድመው ዩሮ 6 የሠሩ አምራቾች ስላሉ፣ የ2014 ወይም የ2015 መኪና ከሆነች ሎግ ቡኩን አንድ ጊዜ እዩ። ከዚያ በላይ ጊዜ አታጥፉባት።

ከተሠራች 40 ዓመት ያለፋት መኪና ካለቻችሁ ነገሩ ሌላ ነው። የታክስ ምድቧ «ታሪካዊ» ተብሎ ከተቀየረ ነጻ ናት። በራሱ ግን አይቀየርም፤ መኪና ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ለዲቪኤልኤ፣ ማመልከት አለባችሁ።

መኪናዋ ታልፋለች፣ ቅጣቱ ግን መጣ

መጀመሪያ የካሜራውን ፎቶ እዩ። መኪናዋ የእናንተ ካልሆነች ታርጋችሁ ተመሳስሎ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ለፖሊስ አመልክቱ፣ የተሰጣችሁን ቁጥር ይዛችሁ ተከራከሩ። መኪናዋ የእናንተ ከሆነች፣ በቅርቡ ታርጋ ቀይራችሁ እንደሆነ አስቡ፤ አዲሱ ታርጋ ከአሮጌው መረጃ ጋር ሳይገናኝ ቀርቶ ይሆናል።

ከጀርመን ወይም ከስዊድን መኪናውን ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። የጀርመን ከተሞች ለመግባት የሚለጠፈው አረንጓዴ የጭስ ተለጣፊ ለንደን ላይ አይሠራም። የውጭ ታርጋ መኪና መስፈርቱን ብታሟላም ከመምጣቷ በፊት መመዝገብ አለባት።

ጊዜውን ደግሞ ያዙ። ቅጣቱ 180 ፓውንድ ነው፣ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 90። መከራከር ከፈለጋችሁ አትክፈሉ፣ ከከፈላችሁ ጉዳዩ ይዘጋል። 28 ቀን አላችሁ። ቲኤፍኤል አልቀበልም ካለ፣ በሌላ 28 ቀን ውስጥ ለንደን ትሪቢውናልስ ወደሚባለው ገለልተኛ አካል ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ሎግ ቡኩንና ደብዳቤውን አያይዙ። ዝም ካላችሁ ቅጣቱ 270 ይሆናል።

የየቀኑ ክፍያ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ማታ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሂትሮው ገብታችሁ ከ6 ሰዓት በኋላ ከወጣችሁ የሁለት ቀን ትከፍላላችሁ። ለመክፈል፣ ከነዳችሁበት ቀን በኋላ እስካለው ሦስተኛ ቀን እኩለ ሌሊት ጊዜ አላችሁ። መኪናዋ ደጅ ቆማ ከዋለች ግን አትከፍሉም።

ቅጣቱን ሳላውቀው ዕዳ አስከፋይ በር አንኳኳ

ሰበቡ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አድራሻ ነው። ቤት ቀይራችሁ ሎግ ቡኩን ካልቀየራችሁ፣ ደብዳቤው አሮጌው ቤት ይከመራል። አድራሻ መቀየር ነጻ ነው፣ ዛሬውኑ አድርጉት። ነገሩ ከመጠን አልፎ ከሆነ ደግሞ ኖርዝሃምፕተን ወዳለው የትራፊክ ቅጣት ማስፈጸሚያ ማዕከል፣ ደብዳቤው እንዳልደረሳችሁ በመሐላ የምታረጋግጡበትን ቅጽ ሞልታችሁ ላኩ። ተቀባይነት ካገኘ ጉዳዩ ወደ ኋላ ይመለስና የመከራከር ዕድል ታገኛላችሁ።